ማን አስተማረሽ?

አዲስ አበባ፣ ግንቦት 12 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ ትብለጽ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ እንዳልጽፍልሽ ጉንፋን ይዞኝ ከርሟል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከሮቢት እስከ ቆቦ መንገድ ዳር በረሃብ ስለወደቁት ሰዎች የጻፍሽውን ለክፍል ጓደኞቼ ሳነብላቸው ግማሾቹ አላመኑኝም። «ጋዜጣ ላይ የለም» አሉኝ። «የጻፈችው እጮኛዬ ናት። ጤና ረዳት ናት፤ በዓይኗ ያየችውን ነው» አልኳቸው። በሳምንቱ ስምንት ሆነን እህል የሚያሰባስብ ኮሚቴ አቋቋምን። ጸሐፊው እኔ ነኝ። አንድ የመርካቶ ነጋዴ አሮጌ የጭነት መኪናውን ከነሾፌሩ በየሳምንቱ ሊሰጠን ፈቅዷል። ይህን ደብዳቤ ያደረሰልሽ ሾፌሩ ነው። አቶ ካሕሳይ ይባላል፤ አስመራ ያደገ፣ ዝምተኛ ሰው ነው።

ከእህሉ ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ የቼዝ ሰሌዳ ታገኛለሽ። የድሮው ሰሌዳችን አንድ ፈረስ ጠፍቶበት በቆርኪ ስንጫወት እንደነበር አልረሳሁም። ያን ጊዜ ቆቦ ሳስተምር ከትምህርት ቤት መልስ እናንተ ሱቅ ደጃፍ ላይ እንደምንጫወተው፣ አሁን በደብዳቤ እንጫወት። ነጩ የእኔ ነው። ከንጉሤ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቆጪኝ። ሲመሽ ከምትሠሪበት የረሃብተኞች መጠለያ ቤትሽ የሚያደርስሽ ማነው? ባለፈውም ጠይቄሽ ዘለልሽው።

ያንቺው አርአያ


ቆቦ፣ ግንቦት 25 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አርአያ፣

ጉንፋንህ ተሻለህ? እናቴ «ፌጦ በሎሚ በጥብጦ ይጠጣ» ብላለች። እሷም አባቴም ደህና ናቸው፤ ሱቁ ግን ከተዘጋ ሰንብቷል፤ የሚሸጥም የሚገዛም የለም።

እህሉ ሰኞ ረፋድ ላይ ደረሰ። ሀጀራን ታስታውሳታለህ፣ የሸማኔውን ሚስት? አሁን ከእኔ ጋር አጥሚት ታበስላለች። መኪናው መጠለያው በር ላይ ሲቆም እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እልልታ የሚባልበት ቦታ አይደለም። ስለ መጠለያው ከዚህ በላይ አልጽፍልህም። የምጽፍልህ እንቅልፍ እንድታጣ አይደለምና።

ቤቴ የሚያደርሰኝ አባቴ ነው። ባለፈው የዘለልኩት ጥያቄህ ስላሳቀኝ ነው።

ሾፌሩ አቶ ካሕሳይ ጨዋ ሰው ናቸው። ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ጆንያውን በራሳቸው ትከሻ ማውረድ ጀመሩ።

ጥቁሩ የእኔ ነው አይደል? እንግዲያው ንጉሤን ትቼ፣ በንግሥቴ በኩል ካለው ጳጳስ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቻለሁ። በደንብ አስብበት።

ትብለጽ


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 4 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ ትብለጽ፣

ፌጦውን ጠጣሁት፤ ለእማማ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። አሁን ደህና ነኝ።

ደህና ነኝ ያልኩት ከጉንፋኑ ነው። ሰሌዳውን ዘርግቼ ያንቺን ወታደር የጻፍሽው ቦታ ላይ ሳስቀምጠው እጄ እዚያው ቀረ። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ የንጉሤን ወታደር ስገፋ አንቺ የራስሽን ትይዩ ታቆሚ ነበር፤ እንደ መስታወት። ይህኛው ግን የሲሲሊ መከላከያ የሚሉት ነው። እኔ ራሴ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ነው። ስሙ መከላከያ ይባል እንጂ ጥቁሩ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅበት ጨዋታ አይደለም፤ ነጩ ሲመጣበት እሱም በሌላ በኩል ይመጣበታል። ከልቡ የማይደፍር ሰው አይጀምረውም።

እኔ ቆቦን እስክለቅ ድረስ ይህን የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም። ማን አስተማረሽ?

የቀኝ ፈረሴን አውጥቻለሁ። ቀጥሎ የምታደርጊውን ስለገመትኩ ሦስተኛውን እርምጃዬንም ከታች ጽፌልሻለሁ። ግምቴ ከተሳሳተ ሰርዢው።

አርአያ


ቆቦ፣ ሰኔ 16 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አርአያ፣

ግምትህ አልተሳሳተም። ከሰላምታው በፊት ጥያቄህን ልመልስልህ። ያስተማረኝ ካሕሳይ ነው።

የመጀመሪያውን ጭነት ያመጣ ቀን ደብዳቤህን ከፍቼ ሰሌዳውን ጆንያ ላይ ዘርግቼ ሳይ መጣና አጠገቤ ቆመ። «ሓፍተይ፣ ይሄ ልጅ ሁልጊዜ ምን አድርጎ ነው የሚጀምረው?» አለኝ።

«የንጉሡን ወታደር ይገፋል።»

«አንቺስ?»

«እኔም እንደሱ።»

«እንደሱ ካደረግሽማ ጨዋታው የሱ ነው» አለና ከጳጳሱ ፊት ያለውን ወታደር በአንድ ጣቱ ገፋው። ልጅ ሆኖ አስመራ ጋራዥ ሲሠራ አለቃው የነበረው ጣሊያን በምሳ ሰዓት ያጫውተው ነበር። «ከፈራሽ ግን አትጀምሪው» አለኝ። እኔም አልፈራሁም።

ሌላ ምን ልንገርህ? ኡሙሃኒ የምትባል የሮቢት ሴት አለች። ሕፃን ልጇን ይዛ የመጣች ለት ሰው አትሆንም ብለን ነበር። አሁን ቆማ ማማሰያ ትይዛለች፤ ሀጀራን ልታሰናብታት ነው። ጭነቱ በየሰኞው ሳይዛነፍ ስለሚመጣ ነው እንዲህ የሆነው። እጅህ ይባረክ።

ፈረሴን በንጉሥህ ወታደር ላይ አነጣጥሬያለሁ። ጳጳሴን ደግሞ ጥግ ላስይዘው ነው፤ ከዚያ ሆኖ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ያያል።

ትብለጽ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 3 ቀን 1965 ዓ.ም.

ትብለጽ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እርምጃዬን ብቻ በቁራጭ ወረቀት የላክሁልሽ ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ብጽፍ ክፉ እንዳይወጣኝ ፈርቼ ነው። አሁን ግን ይውጣ።

የግንቦት ደብዳቤሽን አውጥቼ ከሰኔው አጠገብ አስቀመጥኩት። በግንቦቱ «አቶ ካሕሳይ ጨዋ ሰው ናቸው» ይላል። በሰኔው «ካሕሳይ ነው»፣ «አጠገቤ ቆመ» ይላል። በአንድ ወር ውስጥ አቶነቱ የት ገባ? እኔ ደግሞ «ይሄ ልጅ» ሆኛለሁ፤ ያንንም ሳታርሚው ጽፈሽልኛል። እህቱ ያልሆነችን ሴት «ሓፍተይ» የሚል ሰው ምን እንደሚፈልግ እኔም ወንድ ነኝና አውቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ሲጭኑ ሄጄ ነበር። «ከቆቦ ምን ወሬ አለ?» አልኩት። «ትብለጽ ከስታለች» አለኝ። እጮኛህ እንኳ አላለም፤ ትብለጽ። መክሳትሽን ከሾፌር አፍ ልስማ? ለእኔ የማይጻፍ ለእሱ የሚታይ ነገር ይህ ብቻ ነው?

ስምንት እርምጃ ሄደናል። ንጉሤን በንግሥቴ በኩል አሽሽቼ ግንብ አስጠግቼዋለሁ። በፊት ማታ ማታ ሰሌዳው ፊት ስቀመጥ ካንቺ ጋር የተቀመጥኩ ያህል ይሰማኝ ነበር። አሁን ወዲያ ማዶ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አላውቅም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ከእሱ ጋር መጫወቱን ተይው። አራግፎ ይሂድ።

አርአያ


ቆቦ፣ ሐምሌ 15 ቀን 1965 ዓ.ም.

አርአያ፣

ለጤናህ እንዴት ነህ። ደብዳቤህን ሀጀራ አጠገቤ ሳለች ከፍቼው ፊቴ ሲለዋወጥ «ሰው ሞተብሽ?» አለችኝ። አፈርኩ።

መክሳቴን ያልጻፍኩልህ እዚህ ያልከሳ ሰው ስለሌለ ነው። «አቶ» የት ገባ ላልከው፣ አብሮህ ቃሬዛ የተሸከመን ሰው አቶ ማለት ያስቸግራል። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ተሸክመናል፤ ማንን እንደሆነ አልጽፍልህም።

ቅናትህ እንዲበርድልህ ብዬ አልዋሽህም። ሰኞ ሰኞ መኪናው ሲራገፍ ከጎማው አጠገብ ጥላ ውስጥ ተቀምጠን የምንጫወትባት ግማሽ ሰዓት አለች። በዚያች ግማሽ ሰዓት ማንም ምንም አይለምነኝም። ከሳምንቱ ውስጥ እንደዚያ ያለ ሌላ ሰዓት የለኝም። እሷን ተይ ስትለኝ ምን እየጠየቅኸኝ እንደሆነ ብታውቅ ኖሮ አትጠይቀኝም ነበር። አልተውም።

ካንተ ጋር የምጫወተው ደግሞ እኔ ነኝ። እሱ አጀማመሩን አሳየኝ እንጂ ያንተን ደብዳቤ አይቶ አያውቅም። እነሆ፤ ግንቤ ወርዶ ከንጉሥህ ፊት የቆመውን ፈረስህን በልቷል። ግንቤን በወታደርህ መብላት ትችላለህ። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

ለሕፃናቱ የሚሆን ፋፋ ካገኛችሁ ላኩልን። ሳሙናም። ዝናቡ መጥቷል፤ ግን ሰው ዘሩን በልቶ ስለጨረሰ የሚዘራው የለውም።

ትብለጽ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 28 ቀን 1965 ዓ.ም.

ትብለጽ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ደህና ነኝ። ይህን በፖስታ የላክሁት የሚቀጥለው ጭነት ትንሽ ሊዘገይ ስለሚችል ነው። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ሳሙናው አልተገኘም።

ግንብሽን በልቻለሁ። ለፈረስ ብሎ ግንቡን የሚሰጥ ሰው ወይ ተሳስቷል፣ ወይ ደግሞ የተማመነበት ሌላ ሰው አለው።

አርአያ


ቆቦ፣ ነሐሴ 19 ቀን 1965 ዓ.ም.

ውድ አርአያ፣

እንዴት ነህ ብዬ ሳልጨርስ ልጠይቅህ፤ መኪናው የት ነው? ሦስተኛው ሰኞ አለፈ። መጀመሪያ «ትንሽ ሊዘገይ ይችላል» ያልከውን ይዤ ሰውን አረጋጋሁ። በሁለተኛው ሳምንት አጥሚቱን አቀጠንነው። ከትናንት በስቲያ ምድጃው ሳይነድ ዋለ። የሚመጡት ሰዎች እንዳይገቡ በሩን ከውስጥ ገፍቼ የያዝኩት እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አትንገር።

መራመድ የሚችሉትን ወደ ዋጃ ሂዱ አልናቸው፤ እዚያ እህል ገብቷል ሲባል ሰምተን ነበር። ኡሙሃኒም ልጇን አዝላ ከእነሱ ጋር ወጣች። «ማማሰያውን እንግዲህ ማን ይይዝልሻል?» አለችኝ። 

ትናንት ከጎብዬ የመጣ ሌላ ሾፌር፣ ካሕሳይ እህል ሰርቀሃል ተብሎ ከሥራ መባረሩን ነገረን። ማን እንደከሰሰው አላወቀም። አርአያ፣ ይህ ውሸት ነው። ጆንያውን በየሳምንቱ የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። በእሱ ነገር ቅር እንዳለህ አውቃለሁ። ቢሆንም አንተ በሰው ላይ በሐሰት ሲመሰከር ዝም የምትል ሰው አይደለህም። የኮሚቴው ጸሐፊ አንተ ነህ። ቆመህ መስክርለት። ካላመኑህ ይህን ደብዳቤ አሳያቸው።

ፈጥነህ ጻፍልኝ።

ትብለጽ


አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 29 ቀን 1965 ዓ.ም.

ትብለጽ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕሬን አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት።

የከሰሰው እኔ ነኝ።

ግንብሽ ፈረሴን የበላበት ደብዳቤ በደረሰኝ ማግስት ኮሚቴው ስብሰባ ነበረው። ስለ ጭነቱ ሲነሳ «ከቆቦ ጆንያ ጎድሎ እየደረሰ ነው ተብሎ ተጽፎልኛል» አልኩ። «ማን ጻፈልህ?» ሲሉኝ ያንቺን ስም ጠራሁ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እውነት መሰለኝ። ሾፌሩ ይቀየራል ብዬ ነበር እንጂ እህሉ ይቆማል ብዬ አላሰብኩም። የመኪናው ባለቤት ግን «ስሜ በሌብነት እንዲነሳ አልፈልግም» ብሎ ካሕሳይን አባረረ፤ መኪናውንም ወሰደ። ሌላ መኪና ስንፈልግ ከረምን። እህሉ መጋዘን ውስጥ ነበር። በየቀኑ በፊቱ አልፍ ነበር። በየቀኑም ነገ እናገራለሁ እል ነበር።

አሳያቸው ብለሽኝ ደብዳቤሽን አሳየኋቸው። ቆሜ ራሴ አነበብኩላቸው፤ ስለ በሩ የጻፍሽውን ብቻ ዘለልኩ። ጨርሼ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልኩ። ማንም አልጮኸብኝም። አንዱ ልጅ የኮሚቴውን ማኅተም ከፊቴ አነሳ።

ከዚያ ወደ መኪናው ባለቤት፣ ከባለቤቱ ጋር ደግሞ ካሕሳይ ወደተከራየበት ቤት ሄድን። አጎንብሼ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እህሉን ነገ እጭናለሁ። ያንተን ደብዳቤ ግን ከእንግዲህ አልይዝም» አለኝ። ለዚህ ነው ይህም በፖስታ የመጣልሽ።

ጨዋታውንም ተሸንፌያለሁ። ግንብሽን ለመብላት ስቸኩል ንጉሤን የሚሸፍነውን ወታደር ማንሳቴን አላየሁም። አሁን የትም ባደርገው መሸሻ የለውም።

«ትወጂዋለሽ ወይ?» ብዬ በቀጥታ ጠይቄሽ አላውቅም። ዙሪያውን ስዞር ነው የከረምኩት። መልስ የሚገባኝ ሰው ባልሆንም አሁን ጠየቅሁሽ።

አርአያ


ቆቦ፣ መስከረም 17 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለአርአያ፣

እህሉ ጳጉሜን ሁለት ቀን ገባ። ካሕሳይ ነው ያመጣው። ስለ ክሱ ጠይቄው «አለፈ» ብሎ ጆንያ ማውረዱን ቀጠለ። የሆነውን ያወቅሁት በፖስታ ከመጣው ካንተ ደብዳቤ ነው፤ እሱ ስምህን አላነሳም።

እህሉ ስለቀረበት አምስት ሳምንት ልትጠይቀኝ እንደማትደፍር አውቃለሁ፤ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። እስካሁን እንቅልፍ እንዳታጣ እያልኩ ብዙ ነገር ደብቄሃለሁ። ከእንግዲህ አልደብቅህም። በሩን በያዝኩበት ቀን ከውጭ የሚያንኳኩት እጆች ድምፅ አልነበራቸውም። አቅም ስለሌላቸው በመዳፋቸው ይዳብሱት ነበር። በማግስቱ ስከፍተው አምስት ሰው ደጃፉ ላይ አገኘሁ። ኡሙሃኒ ዋጃ አልገባችም። አብረዋት ከወጡት የተመለሱት «መንገድ ላይ ቀረች» አሉን። ልጇ ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

እነዚህን ሁሉ አንተ ገደልካቸው አልልም። ረሃቡ ከአንተ በፊትም ነበር። የእህሉ መኪና እንዲመጣ ያደረግኸውም አንተ ነህ፤ ይህንንም አልረሳሁም። ግን ስሜን ጠርተህ አስቀረኸው። እኔ ደግሞ መስክርለት ብዬ የለመንኩት አንተን ነበር። ያን ደብዳቤ የጻፍኩበትን እጄን ሳየው ያመኛል።

ቀለበትህን አባቴ አላማጣ ድረስ ሄዶ ለእናትህ መልሷል። እናትህ አልቅሰዋል። አባቴም ምክንያቱን አልነገራቸውም፤ አንተ ንገራቸው።

ትወጂዋለሽ ወይ ብለኸኛል። በሰኔ ብትጠይቀኝ አልወደውም እልህ ነበር፤ እውነትም አልወደውም ነበር። በሐምሌም ያው። ስሙን አጥፍተህበት ስታበቃ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገር ጆንያ ተሸክሞ ሲገባ ካየሁ በኋላ ግን መልሱን አላውቀውም። እሱ ምንም አላለኝም። እኔም ምንም አላልኩትም።

ቆቦ አትምጣ።

ትብለጽ


ዋጃ፣ ጥር 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ትብለጽ፣

ጤናሽን ከሩቅ እየሰማሁ ነው፤ ደህና መሆንሽን ሰምቼ ደስ ብሎኛል።

ቆቦ አትምጣ ስላልሽኝ አልመጣሁም። ትምህርቴን አቋርጬ ከኅዳር ጀምሮ እዚህ ዋጃ መጠለያ ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነኝ። ለእናቴ ሁሉንም ነግሬያታለሁ። እስካሁን በደንብ አታናግረኝም። ይህን የምጽፍልሽ እንድትመልሺልኝ አይደለም፤ ማወቅ ያለብሽ ነገር ስላለ ነው።

ኡሙሃኒን ስጠይቅ ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው አጠገብ ሻይ የምትሸጥ መይሙና የምትባል ሴት «የሮቢቷን? አላህ ይርሐማት» አለችኝ። ከከተማው ሳትገባ አንድ ግራር ሥር ነበር ያገኟት። የመይሙና ባልና ጎረቤቶቹ እዚያው አጠገብ ቀብረዋታል፤ ቦታውን ሄጄ አይቻለሁ፤ ድንጋይ ተከቦበታል። ልጇ ግን ጀርባዋ ላይ በሕይወት ነበረች። መይሙና ወስዳ እያሳደገቻት ነው። ስሟ ዘሃራ ነው። መራመድ ጀምራለች፤ ሳል አለባት እንጂ ደህና ናት።

መይሙና «ለመሆኑ አንተ ምኗ ነህ?» አለችኝ።

«ምኗም አይደለሁም። እህሉን ያስቀረሁባት ሰው ነኝ» አልኳትና ሁሉንም ነገርኳት።

 ከዚያ «መጥረቢያው በር ኋላ ነው፤ እንጨት ፍለጥልኝ። ልጅቷን ላጥባት ውሃ ላሞቅ ነው» አለችኝ። ፈለጥኩላት። አሁን በየቀኑ እሄዳለሁ። ሀጀራ ወይም አንቺ ልታዩዋት ብትመጡ ቀኑን አስቀድማችሁ ለመይሙና ላኩባት፤ እኔ የዚያን ቀን አልሄድም።

ካሕሳይ ቆቦ አራግፎ የተረፈውን ሰኞ ከቀትር በኋላ እዚህ ያደርሳል። እስካሁን ከእኔ ጋር የተነጋገረው «ያዝ» እና «አለቀ» ብቻ ነው። ያለፈው ሰኞ ከጋቢናው ሲወርድ እያንጎራጎረ ነበር። ከቆቦ ከተነሳ አንድ ሰዓት አይሞላውም። ሸሚዙ ታጥቦ ተተኩሷል፤ ክርኑ ላይ ተቀዶ የነበረው ተሰፍቷል። ማን እንደሰፋለት ልጠይቀው አፌ ድረስ መጣ። ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽሽም።

አልጠየቅሁትም። ጆንያውን ከትከሻው ተቀብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ስመለስ ሁለተኛውን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር።

አርአያ